የአያ እንየው አነሳስ

ሰው ሲገባ ብድግ ማለት ቀላል ነገር ይመስላችኋል? ልባችሁን ጠይቁት። እናንተ «ኖር!» ብላችሁ ትነሳላችሁ፣ እንግዳው «በእግዜር!» ብሎ ያስቀምጣችኋል፤ በሁለት ቃል ያለቀ ጉዳይ ነው። ከውስጥ ያለውን ሽር ጉድ ብታዩ ግን ለሰው መነሳት ቀርቶ ከአልጋ መነሳትም ያስፈራችሁ ነበር። ቀጥ ባላችሁበት ቅጽበት ደማችሁ እንደ ማንኛውም ፈሳሽ ቁልቁለቱን ይመርጥና ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። ወደ ልብ የሚመለሰው ያንሳል፤ ልብ ደግሞ ያልደረሰውን አይረጭምና ግፊቱ ዝቅ ይላል። ደግነቱ አንገታችሁ ላይ፣ ወደ ራስ በሚወጣው ደም ሥር ግድግዳ ውስጥ፣ ግፊት የሚጠብቁ ዘበኞች አሉ። እንደ አንዳንድ ዘበኛ አያንቀላፉም። «ኧረ ወረደ!» ብለው ለአንጎል ይጮኻሉ።

አንጎል ሁለት ታዛዦች አሉት። አንደኛው ቬገስ የሚባል ነርቭ ነው፤ ልብን «ማን ያባርርሃል፣ ረጋ በል» እያለ የሚመክር ሽማግሌ። ሁለተኛው ሲምፓቴቲክ ይባላል፤ ጠብ ያለሽ በዳቦ የሚል ጎረምሳ ነው። ዘበኞቹ ሲጮኹ አንጎል ሽማግሌውን ዝም ያሰኝና ጎረምሳውን ይለቀዋል። ጎረምሳው ልብን ያስሮጣል፣ ደም ሥሮችን ጭብጥ ያደርጋል፣ የወረደውን ደም ወደ ላይ ይመልሳል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው እንግዳው «በእግዜር» ብሎ አፉን ሳይዘጋ ነው። እናንተ ደግሞ ምስጋናውን ለጨዋነታችሁ ትወስዳላችሁ።

ይህን ሁሉ የማወራው ከሜዳ አንስቼ አይደለም፤ እንጀራዬ ነው። የሕክምና ተማሪዎችን ልብ እንዴት እንደሚመታ፣ መድኃኒትም እንዴት እንደሚያስሮጠውና እንደሚያሰክነው አስተምራለሁ። የሰጡኝ ክፍለ ጊዜ ከምሳ በኋላ ነው፤ ማለትም የሁሉም ቬገስ ሥልጣን የያዘበት ሰዓት። አልፋ ተቀባይ፣ ቤታ ተቀባይ እያልኩ ስቀጥል ዐይኑን ገልጦ የሚያየኝ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የልብ ሥዕል ብቻ ነበር። አጎቴን አያ እንየውን ወደ ክፍል ካስገባሁ ወዲህ ግን እግዜር ይስጣቸው፣ የሚተኛ የለም። በአካል አላስገባኋቸውም፤ ታሪካቸውን ነው። ለእናንተም ልንገራችሁ።

አያ እንየው የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከወረታ ወጣ ብሎ በይፋግ በኩል፣ ክረምት ሲመጣ ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ሩዝ ያመርታሉ። በሩዛቸው የሚበልጧቸው አሉ፤ በከብትም አሉ። ለሰው በመነሳት ግን ፎገራ ላይ እሳቸውን የሚያህል አልተፈጠረም። ለቄስ ይነሳሉ፣ ለነጋዴው ለሐጂ ይነሳሉ፣ ውሃ ልመና ለገባ መንገደኛ ይነሳሉ። ደግሞ አነሳሳቸው! ቁጭ ካሉበት መደብ ሽቅብ ነው የሚፈናጠሩት። በሬዲዮ «ጤና ይስጥልኝ አድማጮች» ሲባል ይነሳሉ ብለው የሚያሟቸው አሉ፤ እኔ በዐይኔ አላየሁም፤ አያደርጉትም ብዬ ግን አልምልም።

ዕድሜ መቼም ማንንም አይምርም፤ የሽማግሌ ወንዶች ጣጣ መጣባቸው። ከፊኛ በታች ያለው ዕጢ አብጦ ሽንት ከለከላቸው። ጤና ጣቢያ ሄዱና አንድ ኪኒን ታዘዘላቸው። ኪኒኑ ጥሩ ኪኒን ነው፤ እኔም ተማሪዎቼን የማስተምረው ነው። የፊኛውን አንገት ጨምድዶ የሚይዘው ጡንቻ፣ ያ ጎረምሳ የነገርኳችሁ ሲምፓቴቲክ «ያዝ!» ሲለው የሚሰማበት ጆሮ አለው፤ አልፋ የምንለው እሱን ነው። ኪኒኑ ያንን ጆሮ ይደፍናል። ጡንቻው ይላላል፣ ሽንት ይወርዳል፣ ሽማግሌው ይመርቃል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፤ የዚያ ዓይነት ጆሮ ደም ሥሮችም ላይ አለ። ሰውየው ብድግ ሲል ጎረምሳው «ጨብጡ! ጨብጡ!» እያለ ይጮኻል፤ ደም ሥሮቹ ወይ ፍንክች። ልብ ብቻውን ይሮጣል፣ ግን ያልመጣለትን ደም ከየት ያምጣ? ዐይን ይጨልማል፣ ጉልበት ይከዳል።

ጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ ይህን አሳምሮ ያውቃልና «አባባ፣ ማታ ሲተኙ ይውሰዱት፤ ሲነሱም ቀስ ብለው ይነሱ» ብሎ ነግሯቸዋል። አያ እንየው ራሳቸውን ነቅንቀው እሺ አሉ። እሺ ያሉት ለባለሙያው አክብሮት ነው እንጂ ምክሩንስ አልተቀበሉትም። መድኃኒት በጠዋት ነው የሚያምረው ብለው ጠዋት ዋጡት። ረፈድ ሲል የንስሐ አባታቸው ገቡ። አያ እንየው «ኖር!» ብለው ተፈናጠሩ፤ «በእግዜር»ን ሳይሰሙ ቄሱ እግር ሥር ተዘረሩ። ቄሱ መጀመሪያ ላይ ልባቸው ተነክቶ «እንዲህ ያለ ስግደት በዘመኔ አላየሁም» አሉ አሉ። ስግደቱ ሲረዝምባቸው ጊዜ ነው ጠበል ያስመጡት። ረጯቸው፤ ነቁ። ቄሱ «ጠበሉ ነው» ይላሉ። እኔ «ስለተጋደሙ ደሙ ወደ ራሳቸው ተመልሶ ነው» እላለሁ። የአጎቴ ሚስት እትዬ ዘርፌ «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ብቻ እሱ ዳግመኛ እንዳይወድቅብኝ» ብለው አስታረቁን።

ወሬው ለእኔ የደረሰኝ ከልጃቸው ከዝናሽ ነው። ስልክ ደወለችና ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም «ወንድምዓለም፣ በሞትኩት ና!» አለች። «እሑድ የደረጀ ሽማግሌዎች ከሐሙሲት ይመጣሉ። አባዬ እነሱ ፊት ከወደቀ እኔ አለቀልኝ።»

ደረጀ ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ ማሽን የሚጠግን፣ እጁ ግራሶ የማያጣ፣ ሳቂታ ልጅ ነው። ዝናሽ ለእሱ ስትል ሌላ ጠያቂ መልሳለች፤ እሱም እሷን ካላገኘሁ ብሎ ከቤተሰቡ ጋር ግብ ግብ ከፍቶ ነበር። ሁለቱ ተዋደዋል፤ የቀረው የአባቶች እሺታ ነው። እዚህ ላይ ግን ወጥመዱን እዩልኝ። አያ እንየው ዘለው ተነስተው ከወደቁ፣ ሐሙሲቶች «ለካ በዘራቸው የሚጥል በሽታ አለ» ብለው በመጡበት እግራቸው ይመለሳሉ። ቁጭ ብለው ከጠበቁ ደግሞ ንቀት ነው። በዚያ ላይ የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ አስረስ፣ የደረጀ አያት፣ በአኩራፊነታቸው የታወቁ ናቸው። አንድ ጊዜ እርቅ ተጠርተው «ባለቤቱ ከመቀመጫው ግማሽ ብቻ ተነሳልኝ» ብለው ዱላቸውን አንስተው የወጡ ሰው ናቸው።

«ደጅ ቆመው ለምን አይቀበሏቸውም?» አልኩ ቅዳሜ እንደደረስኩ፤ ብልጠቴ ለራሴም ደስ ብሎኝ ነበር።

አያ እንየው እንደ ሕፃን አዩኝ። «ሴት ልጁን የሚጠየቅ አባት ደጅ ተገትሮ? ውሰዱልኝ ብሎ የሚለምን ይመስላላ!»

«እንግዲያ እውነቱን ይንገሯቸዋ።»

«ሽንት አቃተኝ ብዬ? ለአማቾቼ? አንተ ልጅ፣ ያ ትምህርት ቤት ምን አደረገህ?»

ኪኒኑን ለአንድ ቀን እንተወው እንዳይባል፣ ካቆሙት ሽንቱ መልሶ ይታገዳል፤ አቋርጠው ሲጀምሩት ደግሞ የሚጥለው ይብሳል። ወደ ማታ አዛወርነውና ልምምድ ገባን። እትዬ ዘርፌ እንግዳ ሆነው ከደጅ ይገባሉ፣ አያ እንየው ይነሳሉ። መጀመሪያ እግር መሬት ይረግጣል፣ ባት ጭብጥ ለቀቅ ይደረጋል፤ ደሙን ከታች የሚገፋው እሱ ነው። ከዚያ ዱላ ተይዞ ገሚስ ይነሳል፣ ትንሽ ይታገሣል፣ ከዚያ ቀና። እትዬ ዘርፌ ደጋግመው ከመግባታቸው ብዛት ለራሳቸው ቤት እንግዳ ሆኑ። አያ እንየው ግን እትዬ ዘርፌ በገቡ ቁጥር መፈናጠር ይቃጣቸዋል፤ እኔ ትከሻቸውን እጫናለሁ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው፣ አያ?» አልኩ።

«ይሂድ! እንግዳ ቆሞ የሚጠብቀው እንቁላል ግን አላየሁም።»

አንድ ምክር ጨመርኩ፤ ምነው እሱን ባልጨመርኩ። ከመቆም በፊት ውሃ መጠጣት ግፊቱን ለጊዜው ደገፍ ያደርገዋል። እውነት ነው፤ አስተምረዋለሁ። «ሽማግሌዎቹ ሲቃረቡ አንድ ብርጭቆ ይስጧቸው» አልኳቸው ለእትዬ ዘርፌ። እትዬ ዘርፌ ግን ለባላቸው ጤና የሚሆን ነገር በብርጭቆ የሚለኩ ሴት አይደሉም። በጆግ ሰጧቸው። ጠጥተው ሲጨርሱ ደገሟቸው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አቶ አስረስ ከፊት ናቸው፤ ነጭ ጋቢ፣ ረጅም ዱላ፣ ኮስታራ ፊት። ደጃፉ ላይ ብቅ ከማለታቸው አያ እንየው ከተቀመጡበት «ኖ…ር!» አሉ፤ ቃሉን ጎትተው ጎትተው እግራቸው እስኪደርስበት ጠበቁት። እግር ረገጠ። ባት ጨበጠ። ዱላ ተያዘ። ገሚስ ተነሱ፤ ቆም አሉ። እኔ ልቤ ይደልቃል፤ ምንም ሳልነሳ የእኔው ጎረምሳ ተለቆብኛል። መጋረጃው ሥር የዝናሽ እግሮች ይታዩኛል፤ ጣቶቿ መሬቱን ቆንጥጠው ይዘዋል። አያ እንየው ቀና አሉ። አልወደቁም! አቶ አስረስ ከላይ እስከ ታች አዩአቸውና «በእግዜር» አሉ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም።

«ይቀመጡ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አንደኛው ሽማግሌ፤ ወጉ ነውና። እንግዳ ቆሞ ደግሞ ባለቤት አይቀመጥም። ይህን እንዴት ረሳሁት! አቶ አስረስ ለጋብቻ ሲናገሩ ከአዳምና ከሔዋን ነው የሚጀምሩት ይባላል። እኔ ከጥግ ሆኜ ለአያ እንየው በዐይኔ «ተረከዝ! ተረከዝ!» እላለሁ፤ እሳቸውም ተረከዛቸውን ከፍ ዝቅ ከፍ ዝቅ ማድረግ ያዙ፤ ለማያውቅ ሰው ዘፈን ያማራቸው ይመስላል። አቶ አስረስ ግን ሁላችንንም አስገረሙን። ዱላቸው ላይ ተደግፈው «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው የመጣን። እንግዲህ እንቀመጥ» አሉና ተቀመጡ። ከአዳም ቀርቶ ከደረጀ አባት እንኳ አልጀመሩም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ንዴት ነው ብዬ ተስፋዬን ቆረጥኩ።

ተቀምጠው ወሬው ገና ዘር መቁጠር ላይ ሲደርስ፣ ያ የጆግ ውሃ ደግሞ ሌላ በር ላይ ደረሰ። አያ እንየው ይቁነጠነጣሉ። ጉልበታቸውን ይገጥማሉ፣ ጣራ ያያሉ። ሽማግሌ እየተናገረ አቋርጦ መውጣት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እምቢ ማለት ነው። ያውም ከእምቢም የከፋ እምቢ። ግን ፊኛ ሽምግልና አያውቅም። አያ እንየው እያዘገሙ፣ በየደረጃው ተነሱና «ይቅር በሉኝ» ብለው ወጡ። አንዱ ሽማግሌ «አቋርጦ ወጣ!» አሉ። ከመጋረጃው ጀርባ የታፈነ ለቅሶ ሰማሁ። ወዲያው አቶ አስረስ ዱላቸውን አነሱ። ቀስ ብለው ተነሱ፤ እሳቸውም ወጡ። በቃ፣ አኮረፉ፤ ጋብቻው አፈር በላ አልኩ።

እኔም ተከትዬ ሮጥኩ። ለጋብቻው አይደለም፤ ፈርቼ ነው። የእኛ አገር ሽማግሌ ለሽንት ቁጢጥ ይላል፤ እንዲህ ያለ ኪኒን የሚውጥ ሰው ደግሞ ፊኛውን አራግፎ ከቁጢጥታ ሲነሳ ያለችው ቅጽበት ከሁሉም የከፋች ናት። በጓሮ በኩል ዞሬ የሩዝ ገለባው ክምር ጋ ስደርስ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሁለቱም እዚያ አሉ። ክምሩን ተጠልለው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ተራርቀው ቁጢጥ ብለዋል። ጉዳያቸውን ጨርሰዋል፤ ግን የሚነሳ የለም።

«ይነሱ እንጂ፣ እንግዳ ነዎት» አሉ አያ እንየው።

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ፤ ቤቱ የእርስዎ ነው።»

«እኔ ትንሽ አረፍ ልበል።»

«እኔም ብሆን የሚያስቸኩለኝ የለ።»

ሜዳው ላይ ከብቶቹ ቃርሚያቸውን ይግጣሉ። በመጨረሻ አቶ አስረስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ቅድም ሲነሱ አይቼዎታለሁ» አሉ።

አያ እንየው ደነገጡ። «በልጄ ይዤዎታለሁ፣ ንቀት እንዳይመስልዎ…»

«ምን ንቀት! ያ የጤና ጣቢያው ልጅ ‹ቀስ ብለው ይነሱ› ብሎዎት እንደሆን ብዬ ነው እንጂ።»

አያ እንየው አንገታቸውን አዞሩ። «አንቱም?»

«እኔም! ቅድም ንግግሬን ያሳጠርኩት ለምን ይመስልዎታል? ቆሜ አዳም ላይ ብደርስ ሔዋን ላይ ሳልደርስ እወድቅ ነበር!»

ሳቁ። ሳቁ ስላችሁ ተራ ሳቅ አይደለም፤ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ከቁጢጥታቸው ሊገለበጡ እስኪደርሱ ሳቁ። እኔ ደንግጬ ወጥቼ ክንዳቸውን ልይዝ ስል ሁለቱም በእጃቸው ከለከሉኝ። አንዱ የሌላውን ዱላ ያዘ፤ ገሚስ ተነሱ፣ ታገሡ፣ ቀና አሉ። ሲነሱ አያ እንየው ለአቶ አስረስ «ኖር» አሉ፤ አቶ አስረስም «ኖር» ብለው መለሱ፤ «በእግዜር» የሚል ሰው ግን ጠፋ፤ ሁለቱም የተነሺ ወገን ናቸውና።

«ልጂቱንስ?» አሉ አቶ አስረስ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ።

«ምን ልጂቱንስ አለ፣ የእርስዎ ናት። እንደ እርስዎ ያለ ሰው የዝናሽ አማች ከሆነ እኔ ምን ቅር ይለኛል!»

እጅ ለእጅ ተያይዘው ቀስ እያሉ ወደ ቤት ገቡ። ለቅሶ የተቀመጠ የሚመስለው ቤት ሁለቱን ተያይዘው ሲያይ መጀመሪያ አላመነም። «ጨርሰናል» አሉ አቶ አስረስ። የት እንደጨረሱ የጠየቀ የለም። እልልታው ከመጋረጃው ጀርባ ሲነሳ ዝናሽ የራሷን እልልታ ራሷ እንደጀመረች እኔ ብቻ ነኝ ያየሁ። እኔም ደስታው አሸንፎኝ ዐይኔን በእጅጌዬ ጠረግሁ፤ ምን ያሳፍራል።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። ሥራ ይዞኝ በማለዳ አልደረስኩም፤ ወረታ መገንጠያው ላይ ባጃጅ ተሳፍሬ ዳሱ ጋ ስደርስ ሰው ሞልቷል። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ የንስሐ አባቱ ገቡ። እኔ ጤነኛው፣ ደም ሥሬ የሚሰማልኝ፣ «ኖር!» ብዬ ተፈናጠርኩ። ቀና ስል ብቻዬን ቆሜያለሁ። ዳሱ ሙሉ ሰው «ኖ…ር» እያለ ቃሉን ይጎትታል። እግር መሬት ይረግጣል። ዱላ ይያዛል። ገሚስ ይነሳል፤ አንገቱን ደፍቶ ይታገሣል፤ ከዚያ ቀና ይላል። ሽማግሌው እንዲህ ቢያደርግ አይገርመኝም ነበር፤ ጎረምሶቹ፣ ሚዜዎቹ፣ ደረጀ ራሱ በሙሽራ ሱፉ እንደዚያው! ሁለቱ የተከበሩ አባቶች እንዲህ ሲነሱ አገር ካየ በኋላ፣ ከሐሙሲት እስከ ይፋግ ትክክለኛው የጨዋ አነሳስ ይኸው ነው ተብሎ ተይዟል ለካ። ሥርዓት ከምንለው ነገር ውስጥ ስንቱ የአንድ ሽማግሌ ኪኒን እንደነበረ ማን ያውቃል?

አያ እንየው ከክብር ቦታቸው፣ ከአቶ አስረስ ጎን ሆነው አዩኝ። ሰው መሀል እንዳሳፈርኳቸው ፊታቸው ይናገራል።

«አንተ ልጅ፣ ምን እንደ ፌንጣ ያዘልልሃል?» አሉ። «ይህን ሁሉ ዘመን ሲያስተምሩህ ሰው ሲገባ እንዴት እንደሚነሱ አላስተማሩህም?»

አቶ አስረስ ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። ቄሱ «በእግዜር» ለማለት አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁኛል። ተቀመጥኩና እግሬን መሬት አስረግጬ፣ ባቴን ጨብጬ፣ እንደገና ቀስ ብዬ ተነሳሁ።